በደረበ ፊት ላይ የተጻፈው ስም

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ፈረደ፣ ሞጣ

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ እማማ ፈንቴስ እንዴት ናቸው? እኔ ከገንዳ ውሃ ሙቀት ጋር እየተጨቃጨቅሁ አለሁ። ደብዳቤዎ ቆይቶ ስለደረሰኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ፖስታው ላይ ስሜን ትተው «ለፎቶ አንሺዋ፣ ገንዳ ውሃ» ብቻ ስላሉ፣ የመነኸሪያ ልጆች ለሌላ ፎቶ አንሺ ሰጡት። እሱም ከፍቶ አንብቦ ሲጨርስ በባጃጅ ላከልኝ። ስለከፈተው አይቆጡት፤ አኩርፎኝ የከረመ ሰው ነበር፣ የእርስዎን ደብዳቤ ካነበበ ወዲህ ሰላም ይለኛል።

አዎን፣ ልጅዎን ደረበን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ፎቶውን እንደገለጹልኝ ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የሰሊጥ አጨዳ በተጀመረ ሰሞን፣ ኮኪት ላይ ነው። አጫጆቹ ለገበያ ከእርሻ ሲወጡ ጸጉራቸውን ይስተካከሉና የሰው ትራክተር ተደግፈው ይነሳሉ። ባለ ትራክተሩም ለምዶታል፤ አንዳንዴ ጎማውን ያጥብልናል። እኔ የፀሐይ መነጽር አውሳቸዋለሁ። ደረበ አጠገብ የቆሙት ሁለቱም መነጽር አድርገዋል፣ እሱ ግን አላደረገም። እውነቱን ልንገርዎና መልኩን በቃሌ አላስታውሰውም፤ በዚያ ሰሞን የማነሳው ሰው ብዙ ነው። ታሞ ነበር ወይ ላሉኝ ግን፣ ፎቶው ላይ እየሳቀ ነው። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም።

«ለምን ፊቱ ላይ ጻፍሽበት?» ያሉኝ ሲያንገበግበኝ ነው የሰነበተው። በስልክ የምንሠራበት የፎቶ ማሳመሪያ አፕ አለ። በእሱ ስማችንን ፎቶው ላይ እናትማለን፤ ዋተርማርክ እንለዋለን። መጀመሪያ «ጥሩአየሁ ፎቶ፣ ገንዳ ውሃ» ብዬ በጥግ በኩል ነበር የማትመው። አንድ ሰው ጥጉን እየቆረጠ ሥራዬን የራሱ አስመስሎ ሰሌዳው ላይ ሰቀለው። ተናድጄ ፊደሉን አወፈርኩና ከግንባር እስከ አገጭ በሰያፍ አሳለፍኩት። ፊት ተቆርጦ አይጣልማ! አፑ ሁሉንም ፎቶ በአንድ ጊዜ ያትማል። ሲጨርስ «በነበረው ላይ ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር እሺ አልኩት። ስለዚህ ስሜ የሌለበት የደረበ ፎቶ የለኝም፣ አባቴ። ይኸው አፕ ጽሑፍ የሚያጠፋበት መንገድም አለው ይላሉ። እሞክረዋለሁ።

አክባሪዎ ጥሩአየሁ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጥሩአየሁ

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ ቤት ሰላም የሚባለው ከብቶቹ ዘንድ ብቻ ነው፤ እነሱ ደህና ናቸው።

ከደብዳቤው ጋር ባስቀመጥሽው ቁራጭ ወረቀት ለምን አይደውሉም ብለሻል። ጆሮዬ ከደከመ ቆየ። ስልክ የማነጋግረው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነው፤ እንኳን ፈንቴ የጎረቤት ውሻም ይሰማዋል። ደግ ወሬ ከሆነ ይስሙት። ክፉ ከሆነ ግን አስቀድሜ እኔ ልወቀው። ስለዚህ እየጻፍሽ በሹፌሮቹ እጅ ላኪልኝ።

ፊቱ ላይ የጻፍሽበትን ምክንያት አነበብሁት። ሰው የራሱን ከብት ምልክት ያደርግበታል፣ ይገባኛል። ያ ልጅ ግን የኔ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ፣ አልዋሽሽም። ደግሞም ስምሽና አገርሽ ባይጻፍበት ኖሮ ወዴት ብዬ እጽፍ ነበር? ንዴቴን ሳልጨርሰው ይኸ ይመጣብኛል።

ፎቶውን ያመጣልን ጎረቤታችን ባየልኝ ነው። አብረው ወርደው አብረው ሲያጭዱ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሂላ በሚሉት የነዶ ክምር እንዲደርቅ ሲቆም ባየልኝ ተመለሰ። ደረበ «ደርቆ እስኪራገፍ ልቆይ» ብሎ ቀረ። የወረደው ሁሉ ለኅዳር ሚካኤል ተመልሷል፣ እሱ ግን የለም። ሞተ የሚለኝ የለም፣ አለ የሚለኝም የለም። ፈንቴ ፎቶውን ከትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ሰሞኑን ስምሽን በእርጥብ ጨርቅ ልታጠፋው ስትታገል የሸሚዙ ቀለም ለቀቀ። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በዚያው ቁራጭ ወረቀት ላይ ያለውን ሌላ ጥያቄም አይቼዋለሁ። ለመፈለጊያ የሚሆን ልዩ ምልክት ካለው ጻፉልኝ ነው ያልሽው። ምልክት የለውም። ቁመቱ መካከለኛ ነው፣ ጠይም ነው፣ ማተብ አለው። እግዚአብሔር ሙሉ አድርጎ የሰጠኝ ልጅ ነው። ከዚህ ሌላ አትጠይቂኝ።

ያልሽውን ማጥፊያ ሞክሪው። ፊቱ ይገለጥና ለሰው አሳዪልኝ።

ፈረደ


ገንዳ ውሃ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ ፈረደ

እንደምን አሉልኝ? ዛሬ እጄ ሳይከብደኝ ነው የምጽፍልዎ። ተሳካልኝ!

ስሜ ያለበትን ቦታ በጣቴ ቀለም እንደመቀባት አድርጌ ነካሁት፤ አፑ ትንሽ አሰበና ፊደሎቹ ጠፉ። ከሥር የነበረውን ጉንጭና ዓይን ራሱ ሞላው። መጀመሪያ ላይ አፉን አጣሞት ነበር፣ ደጋግሜ አስተካከልኩት። አሁን ጥርት ብሏል። እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው፣ አባቴ! አሳትሜ አንዱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እማማ ፈንቴ ከእንግዲህ ጨርቅ አያስፈልጋቸውም።

በሌሎቹ ቅጂዎች ሥር «የጠፋ ሰው» ብዬ ጽፌ ገንዳ ውሃ መነኸሪያ፣ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ ለጠፍኳቸው። ጀይሉ የሚባል የሠራተኛ ደላላ ወደ አብደራፊ ሲሄድ ይዞልኝ ሄዷል፤ እርሻ ለእርሻ የሚዞር ሰው ነው፣ የማያውቀው ካምፕ የለም።

አንድ ነገር ልደብቅዎ ብዬ ነበር፣ ግን ደግ ስለሆነ ልንገርዎ። ኮኪት ላይ ሉባባ የምትባል ሻይ ሻጭ አለች። በጥቅምት አንድ አጫጅ ትኩሳት ጥሎት በትራክተር ተሳቢ አምጥተው በሯ ላይ አወረዱት። ስሙን እንኳ መናገር አልቻለም። ስታስታምመው ቆይታ እጇ ላይ አረፈ። ይኼን ስሰማ ሥራዬን ጥዬ ተነሣሁ። ፎቶውን ይዤላት ሄድኩ። ሉባባ ወደ ብርሃን ወስዳ፣ አገላብጣ፣ «ወላሂ ይኼ አይደለም፤ የኔው ሌላ ነበር፣ ይኼስ እንከን የሌለው ልጅ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም ተቃቅፈን አመሰገንን። የማንም ይሁን የማን ለሞተው ሳናዝን መደሰታችን በኋላ ቢያሳፍረኝም፣ ለእርስዎ ግን ደስ ብሎኛል። ደረበ አለ ማለት ነው። እንፈልገዋለን።

ልጅዎ ጥሩአየሁ


ሞጣ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጥሩአየሁ

ፎቶው በገና ማግስት ደረሰን። ፖስታውን የከፈተችው ፈንቴ ናት። አየችው፣ አየችውና እልል አለች። ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ተሰበሰበ። «ዓይኑ ድኖለታል! ቆላ ሐኪም አግኝቶ ዓይኑን አሠርቶ ነው የቆየው!» ትላለች፤ የድሮው በጨርቅ ተበላሽቶ ስለነበር ይኼን አዲስ የላከው መስሏታል። ሴቶቹ አብረዋት እልል አሉ። ባየልኝም ቆሞ ነበር፤ ፎቶውን አይቶ ወደኔ አየና አንገቱን ደፋ።

ልጄ፣ የደረበ የግራ ዓይኑ ሽፋን ከተወለደ ጀምሮ የወረደ ነው። ግማሹን ይከድነዋል፣ ሲስቅም አይነሳም። ትንሽ ሆኖ የትምህርት ቤት ልጆች በዓይኑ ስም አወጡለት፤ እየሮጠ መጥቶ ፈንቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት ስለ ዓይኑ የሚያነሳ እንዳይኖር ብላ አስማለችን። እኔም እህቶቹም እንግዳም ቢሆን፣ ማንም አያነሳም። እሱ ግን ኮፍያውን ወደ ግራ አዘንብሎ ነው ያደገው። ወደ ቆላ ሲወርድ «ፎቶ ስትነሳ ፊትህን ሳትሸፍን ተነሥተህ ላክልኝ» ብላው ነበር፤ መነጽርሽን እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

አንቺ ምልክት አለው ወይ ስትይኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልጄን የማማው መሰለኝ። የለውም ብዬ ጻፍሁ። ስምሽ ደግሞ እዚያው ዓይኑ ላይ ነበር የዋለው። አፑ የሌላውን ሰው ዓይን አምጥቶ ተከለበት፤ ወይም የቀኙን ገልብጦ፤ እንዴት እንደሚያደርገው አንቺ ታውቂያለሽ።

እንግዲህ ሉባባ ያየችው ይህንን ፎቶ ነው። «እንከን የሌለው» ብላለች አልሽኝ። ይህን ቃል ካነበብሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። የእሷው ሰው እንከን ነበረው ማለት ነው? ስምሽ ያለበትን፣ የመጀመሪያውን ውሰጂላት። ስለ ዓይኑ ጠይቂልኝ። ለፈንቴ አልነገርኋትም።

ፈረደ


ገንዳ ውሃ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአቶ ፈረደ

ጤናዎ እንደምን ነው? የእማማ ፈንቴ ጤና፣ የልጆቹ፣ የጎረቤቱ ሁሉ፣ የከብቶቹስ? ጥምቀትን እንዴት ዋላችሁ? እኛ ጋ ታቦት ሲመለስ አቧራ ተነሥቶ ሰው ከሰው አይተያይም ነበር።

ሳልጽፍ በመቆየቴ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። መንገድ ተዘግቶ አውቶቡስ ከጎንደር አልመጣ ብሎ ነበር። ደግሞ ትንሽ አሞኝ ነበር፤ ብዙ አይደለም። የለጠፍኳቸውን ፎቶዎች ነፋስ ወስዷቸዋል፣ እንደገና አልለጠፍኩም። ጀይሉ ከአብደራፊ ተመልሷል፣ አላገኘውም። ሉባባ ዘመድ ጥየቃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄዳለች ይላሉ። ሰሊጡ ተራግፎ አልቋል። አሁን የሚጫነው ማሽላ ነው። መኪናው ብዙ ነው።

ባየልኝ ያሉኝ ጎረቤትዎ ሰው የሚሰማው ትልቅ ሰው ነው ወይስ ወጣት? የንስሐ አባታችሁ ማን ይባላሉ? በየትኛው ደብር ያገለግላሉ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

እግዚአብሔር ያበርታዎ።

ጥሩአየሁ


ሞጣ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጥሩአየሁ

የከብቶቹን ጤና ጠየቅሽኝ። ደህና ናቸው። አቧራውንም፣ አውቶቡሱንም፣ ማሽላውንም አነበብሁ። ሰላምታ እንዲህ የበዛበት ደብዳቤ እድሜዬን ሙሉ አልደረሰኝም።

የንስሐ አባቴን ስም ለምን ፈለግሽው? አንቺ ልጅ፣ ወግ አዋቂ ነሽ፣ ማን እንዳሳደገሽ ያስታውቃል። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ ቆሞ፣ ሰውዬው ከምኝታው ሳይነሳ ነው የሚነገረው፤ ከጎኑ የሚይዘው ሰው ኖሮ። እኔም ለስንት ቤት በዚያ ሰዓት ቆሜያለሁ። እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። ደህና አድርገሽ ልታደርጊው ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ነገር ግን ልጄ፣ እኔ ሳላውቅ ሌላ ሰው ቀድሞ አውቆ በሬ ላይ እንዲቆም አልፈልግም። አባቱ ነኝ። ወጉን ለኔ ስትይ ተላለፊው፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ሉባባ ያለችሽን ሁሉ ጻፊ። አታሳምሪው። የሚያዝን አባት ስለሆንሁ ብለሽ አንዲት ነገር አታጥፊልኝ፤ ማጥፋት ምን እንዳመጣብን አይተናል።

ፈረደ


ገንዳ ውሃ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ

ይህን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አይጠይቁኝ።

የጥር ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ኮኪት ሄጄ ነበር። ሉባባ ዘመድ ጥየቃ ሄደች ያልኩዎ ውሸት ነው፤ ቤቷ ነበረች። የመጀመሪያውን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት። ስሜ ፊቱን ሸፍኖታል፣ ግን ትከሻውን፣ የማተቡን ክር፣ የአንገቱን አቋቋም አየች። ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች። እኔ ደግሞ «የግራ ዓይኑ ሽፋን የወረደ ነው» አልኳት። የያዘችው ብርጭቆ ወደቀ።

የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ። ከትራክተር ተሳቢ ሲያወርዱት ከእሳት ይልቅ የሚፋጅ ነበር። ያመጡት ሰዎች ስሙን አያውቁም፤ ከአንድ እርሻ ዳር ወድቆ አግኝተውት ነው። ጤና ጣቢያ ወስዳው መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ ዘግይቶ ነበር። ከዚያ ቤቷ አስተኛችው። ውሃ በማንኪያ ታጠጣው ነበር። አላወራም፤ እጇን ግን ይይዝ ነበር። ሲያርፍ ዓይኖቹን ልትከድን እጇን ዘረጋች። ታሞ ሳለ ግማሽ ድረስ ወርዶ ያየችው የግራው ሽፋን ራሱ ተከድኖ ነበርና ቀኙን ብቻ ከደነችለት። «ያን ዓይን መቼም አልረሳውም፤ አንቺ ያመጣሽው ፎቶ ላይ ስላልነበረ ነው አይደለም ያልኩሽ» ብላ ደረቷን መታች። ይማሩኝ አላልኩም፣ አባቴ፤ ምን ብዬ እላለሁ?

ማተቡን አይታ የክርስቲያን ዕድርተኞችን ስለጠራች በቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። ቄስ ፈትቶታል። ሉባባ ከሩቅ ቆማ አልቅሳለታለች። መቃብሩን ላሳይዎ ብዬ ሄጄ ነበር። በዚያ ሰሞን ትኩሳት የጣላቸው አጫጆች ጎን ለጎን ናቸው፣ በአንዳቸውም ላይ ምንም የለም። የቆፈረው ሰውዬ አንዱን አሳየኝ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላውን አሳየኝ። ከዚያ «እንጃ» አለኝ። እኔም ከሁሉም ፊት ተንበርክኬ መጣሁ።

አፑን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። በማንም ፊት ላይ ከእንግዲህ አልጽፍም፣ ከማንም ፊት ላይም አላጠፋም። ይህ ለእርስዎ ምንም እንደማይጠቅምዎ አውቃለሁ።

ነፍሱን ይማር። እርስዎን የሚይዝ ሰው ከጎንዎ አለ?

ጥሩአየሁ


ሞጣ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩአየሁ

ደብዳቤሽን ከብቶቹ በረት ውስጥ ሆኜ አነበብሁት። ላለቅስ እፈልጋለሁ፤ ባለቅስ ፈንቴ ትሰማለች። ጆሮዋ እንደኔ አይደለም። ከብቶቹ መሐል ገብቼ አፌን በጋቢዬ ይዤ ቆየሁ። አንቺን አልረግምሽም። ራሴን ረግሜ ስለጨረስሁ ለሌላ ሰው የሚተርፍ የለኝም።

ሉባባን ስሚልኝ። እጇን ይይዝ ነበር ያልሽውን ደግሜ ደግሜ አነበብሁት። እጁ ባዶ አለመሆኑ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ለባየልኝና ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሽማግሌዎቹ ተጠሩ፤ ባለፈው እሑድ ጎህ ሲቀድ በሬ ላይ መጥተው ቆሙ። እኔም ከእነሱ ጋር በገዛ ቤቴ በር ላይ ቆምሁ። ፈንቴ ከፈተች። ጋቢ የለበሰ ሰው ተሰልፎ ስታይ ይገባታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ፈካ። «ስለ ደረበ ነው የመጣችሁት?» አለች። አንደኛው «አዎን፣ ስለ ደረበ ነው» አሉ። «ግቡ! እኔስ ማን ልጁን ይሰጠዋል ብዬ ስጨነቅ!» ብላ እየሳቀች ወንበር አወጣች። ልጅ ሊሰጡት፣ ሊያጋቡት የመጡ መስሏታል። ዓይኑ ስለዳነ አሁን ሰው የሚጠይቀው መስሏታል። ፎቶውን ከትራሷ ሥር አምጥታ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈችው። «እዩት እስቲ፣ ዓይኑን እዩት» ትላለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ስታፍርበት የኖረችውን አሁን እየኮራችበት ታሳያለች።

ፎቶው ዞሮ የንስሐ አባቴ ጋ ደረሰ። እሳቸውም ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። እኔን ያዩኛል፣ ተናገር ነው። እኔ ግን ጠላ አምጪ አልኋት። ጠላ ቀዳችላቸው። ጠጡ። መረቁት፣ ልጄን፤ «ያግባ፣ ይውለድ» ብለው መረቁት። ተነሥተው ሄዱ። ባየልኝ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ሲያለቅስ አየሁት።

እንግዲህ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት መንገድ ይቀይራሉ። «ምቀኞች፣ ልጄ ስለዳነ ነው» ትላለች። ለመንገር በየማለዳው እነሳለሁ፤ ከዚያ ስታየኝ ትስቃለች። ደካማ ሰው ነኝ። በሌላው ደጅ ላይ ጠንካራ ነበርሁ።

ፋሲካ ደርሷል። «ለፋሲካ ካልመጣ ፎቶ ይልካል» እያለች ፖስታ የሚያመጡትን ሹፌሮች በየቀኑ ትጠይቃለች። አንዱ ሹፌር አዝኖላት ሊነግራት ሲል ባየልኝ ነው ያስቆመው። እኔ ደግሞ ልለምንሽ የማይገባኝን ልለምንሽ ነው። አጠፋሁት ያልሽውን አፕ እንደገና ጫኚው። አንድ ፎቶ ሥሪልኝ። ሸሚዙን ቀይሪለት፣ የድሮውን ታውቀዋለች። ትራክተሩን አንሺው፤ ዛፍ ሥር ይቁም። ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም፤ የንስሐ አባቴንም አልጠየቅኋቸውም።

ትንሽ ወፈር አድርጊው። ቆላው ተስማማው ትበል።

ፈረደ